ቅዳሜ ማታ በውርጌሳ

ውርጌሳን መንገደኛ የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከደሴ ተነስቶ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ወደ መርሳ፣ ከዚያም ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አስፋልት መሀል ለመሀል ይሰነጥቃታል። ቀን ቀን ያ መንገድ የከተማዋ እንጀራ ነው። በደጉ ጊዜ ሲመሽ መልኩ ይለወጥ ነበር። ወደ መቀሌ የሚሄዱ ከባድ መኪኖች ጥግ ይዘው ይቆማሉ፤ ሾፌርና ረዳት ራታቸውን በልተው አልጋ ይይዛሉ፤ ግሮሰሪው ሙዚቃውን ይለቃል፤ በርጫ ላይ የዋለው ጨብሲ ፍለጋ ይወጣል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይጨመርና የዲኤስቲቪ ቤቱ እስከ ደጁ ይሞላ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. እዚያ አስተምር ነበር። ሰኞ ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ ዴስክ ላይ የሚያንቀላፉትን ልጆች የት እንዳመሹ ስጠይቃቸው አንደኛው ቀና ብሎ አይቶኝ፣ "ሌላ የት እንሂድ መምህር?" አለኝ። እውነቱን ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ገብቶ የሚቀመጥበት ቤት ሁሉ የሚሸጥ ነገር ያለው ቤት ነው። ፑል ቤቱ፣ ጫት ቤቱ፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ ሁሉም ከልጁ ኪስ የሚፈልገው አለ። ለሴት ልጅማ እሱም የለም። እሷ ወይ ቤቷ ተዘግቶባታል፣ ወይ ሆቴል ገብታ ታስተናግዳለች።

ዓመቱ ራሱ ከባድ ዓመት ነበር። ጥቅምት ላይ መንግሥት ለሥራ ወደ አረብ አገር መሄድን አገደ። በዚያው ወር መጨረሻ ሳውዲ አረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማሳደድ ጀመረች። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተጠርዘው ተመለሱ። ውርጌሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ይህ ዜና የሩቅ አገር ዜና አልነበረም፤ ጎረቤቴ፣ የጎረቤቴ ጎረቤት፣ ሻይ የምጠጣበት ቤት ባለቤት፣ ሁሉም ሳውዲ ልጅ ወይም እህት ነበራቸው። የሚኬድበትም መንገድ ለማንም ምስጢር አይደለም። በአፋር በረሃ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር እስከ ሳውዲ ድንበር ነው። ደላላው ልጆቹን የሚያገኛቸው እነዚያው የማታ ቤቶች ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ሒሳብ ይከፍልላቸዋል። ከተላመዱት በኋላ ስለ መንገዱ ያወራላቸዋል።

ስለዚህ ጥቂት መምህራን ተሰባስበን የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ቅዳሜና እሑድ ማታ ለልጆች እንክፈት አልን። ርእሰ መምህሩ ፈቀደ። ወላጆችን፣ የመስጊዱን ሼኽና የቤተ ክርስቲያኑን ቄስ ጠርተን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አወያየን። እኛ ስለ ኳሱና ስለ ቴሌቪዥኑ አስረዳን። አባቶች ያንገራገሩት ስለ ሴት ልጆቻቸው ነበር። ያኔ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱና፣ "ልጄ፣ ማጫወቱን እናንተ ታውቁበታላችሁ። እኔ የምጠይቅህ ከእናንተ በር እስከ እኔ በር ያለውን ነው። እሱን ማን ይጠብቀዋል?" አሉኝ።

"እማማ፣ እርስዎ ማን ይጠብቀው ይላሉ?" አልኳቸው።

"እኛ ነና!" አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሠራነው ሥራ ሁሉ የተሠራው በእኒያ እናት ጥያቄ ላይ ነው። የወጣት መዝናኛ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ዕቃውን ነው፤ ኳሱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ማሊያውን። ልጅ የሚጎዳው ግን አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየው አይደለም። ሽንት ቤት ሲሄድ፣ አጥር ጥግ ሲቆም፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን አምፖል የሰቀልናት አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ሽንት ቤቱ በር ላይ ነበር። ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው። ከአዳራሹ እስከዚያ ሽቦ ስንዘረጋ አንዳንዱ ወላጅ ብክነት መስሎት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ግን ሴቶቹ ልጆች የመጡት በዚያች አምፖል ምክንያት መሆኑን እናቶቻቸው ነገሩን።

ሰዓቱን የወሰነልን ጸሎት ነው። መግሪብ ተሰግዶ ይከፈታል፤ ኢሻ ሲደርስ ጨዋታው ጋብ ይልና የሚሰግዱት ሰግደው ይመለሳሉ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ማለዳ ቅዳሴ ያላቸው ልጆችም በጊዜ ይተኛሉ። በሩ ላይ አንድ ትልቅ የሒሳብ ደብተር ነበር። ልጁ ሲገባ ስሙን፣ ከማን ጋር እንደመጣና ወደየት አቅጣጫ እንደሚመለስ ይጽፋል። አቅጣጫው አራት ነው፤ የመርሳ መውጫ፣ የውጫሌ መውጫ፣ ከአስፋልቱ በላይ፣ ከአስፋልቱ በታች። ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ እናትና አንድ አባት ባትሪና በትር ይዘው በተራ ይመደባሉ። ሲዘጋ ልጆቹ በየአቅጣጫቸው ይሰለፋሉ፣ ስም ይጠራል፣ ይሄዳሉ። አድራሾቹ ተመልሰው "ሁሉም ገብቷል" ብለው ካልፈረሙ እኛም ቤታችን አንሄድም። አንዳንድ ማታ ይህ ፊርማ ከጨዋታው የበለጠ ጊዜ ወስዷል።

ሌላም ደንብ ነበረን። ዕድሜ ከ13 እስከ 18፤ ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በወላጅነት ተመድቦ ካልሆነ አይገባም። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በር ዘግቶ አይቀመጥም፤ መምህርም ቢሆን፣ ሼኽም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን። ሼኹና ቄሱ ይህን ሲሰሙ ይከፋቸዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። ሁለቱም፣ "ከእኛ ይጀመር" አሉ። ያ ቃል ብዙ ክርክር አስቀረልን።

ደንቡ የተፈተነው ብዙ ሳይቆይ ነው። አንድ ገንዘብ ያለው ሰው አዲስ የቆዳ ኳስና ማሊያ ይዞ መጣ። ልጆቹ ጨፈሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ፤ ለስላሳ አመጣ። ከዚያ፣ "መኪና አለኝ፣ ሴቶቹን እኔ ላድርስላችሁ፣ እናቶች ለምን በጨለማ ይደክማሉ?" አለ። ንግግሩ ለስላሳ ነው፣ ደግ ይመስላል፤ ምናልባትም ደግ ነው። በሩ ላይ የተመደቡት እናት ግን፣ "እግዜር ይስጥልን፣ እኛ በእግር እናደርሳለን፣ መንገዱንም ልጆቹንም እናውቃቸዋለን" አሉት። እሱ ሳይጠየቅ ሁለት ሴት ልጆችን በስማቸው ጠርቶ፣ "እነዚህን ብቻ" ሲል ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ኳሱንና ማሊያውን በማግስቱ ሽማግሌ ልከን መለስንለት። ልጆቹ አለቀሱ። አንድ ወር ሙሉ በተሰፋች ኳስ ተጫወቱ። ዛሬም ቢሆን እንዲሁ አደርጋለሁ። ለልጆች ስጦታ ይዞ የሚመጣ ሰው ስጦታውን ለቤቱ ሰጥቶ ይሂድ እንጂ ልጅ አይምረጥ።

ጨዋታችን ብዙ አልነበረም፤ ግን ይበቃ ነበር። ጆተኒውን የከተማው አናጢ ነው የሠራልን። ዘንጎቹ ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ቶንዲኖ ነበሩ፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ ከእንጨት ጠርቦ ግማሾቹን አረንጓዴ፣ ግማሾቹን ቢጫ ቀባቸው። ግብ ጠባቂዎቹ ከሌሎቹ ወፈር ያሉ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "በረኛ ቀጭን ከሆነ ልጅ ይጣላል" አለኝ። የመጀመሪያው ሰሞን ጆተኒውን ወንዶቹ ተቆጣጠሩት። ሴቶቹ ግድግዳ ሥር ቆመው ያያሉ። ተራውን በደብተር ስናደርገው ነገሩ ተቀየረ፤ ሁለት የስምንተኛ ክፍል ሴቶች ተጣምረው ለሳምንታት የሚያሸንፋቸው ጠፋ። ዳማና ገበጣ፣ ከውጭ በአምፖል ብርሃን መረብ ኳስ፣ ለትንንሾቹ ሱዚ ነበረ። ከሁሉ የከበደኝ መጽሐፍ ማስነበቡ ነው፤ እሱ አልሆነልንም፤ ቅዳሜ ማታ ማንበብ የሚፈልግ ልጅ ብዙ አይደለም፤ አላስገደድናቸውም።

ኅዳር 7 ቀን 2006 ቅዳሜ ነበር። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ የገቡት በጥር 2005 ስለሆነ አገሩ ሁሉ ገና ከዚያ ስካር አልወጣም። አሁን ደግሞ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የሚያሳልፈው የደርሶ መልስ ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ነው። ጥቅምት 3 ቀን አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ አግብቶ መርተን፣ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት አስቆጥሮ 2 ለ 1 ተሸንፈናል። የመልሱ ጨዋታ ካላባር ነው። አዳራሹ ከመሙላት አልፎ ፈሰሰ። በወላጅነት ያልተመደበ ትልቅ ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ የነበሩት አባቶች ብዙ ተከራከሩ፤ ወንድሞቻቸውንም መለሱ።

ቪክቶር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት አገባብን። ለእረፍት ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው መብራት ጠፋ።

አዳራሽ ሙሉ ልጅ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ለዚህ ግን ተለማምደን ነበር። ከእኛ አንዱ ጮክ ብሎ፣ "ባላችሁበት ቁጭ!" አለ። ልጆቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። በሩ ላይ ያሉት እናት ሰውነታቸውን በሩ ላይ ጣል አድርገው ማንም እንዳይወጣ እንዳይገባ ያዙ። ከፊት ረድፍ ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ይጠራል፤ አንዱ መምህር በባትሪ ደብተሩን እያየ ያመሳክራል። በጨለማ ውስጥ ተራ በተራ የሚነሳው ድምፅ፣ ፋጡማ፣ ተስፋዬ፣ ሰይድ፣ ዘነበች እያለ ሲሄድ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሁሉም አለ። ከዚያ አንድ አባት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ከካፖርታቸው አወጡና መድረኩ ላይ አስቀመጡት። ሁለተኛውን አጋማሽ በጆሯችን አየነው።

በዚያው ጨለማ ውስጥ በሩ ላይ ስልክ ጮኸ። ስልክ ወደ ውስጥ አይገባም፤ በሩ ላይ በዘንቢል ይቀመጣል። የዚያን ሰሞን ግን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እህቷ ሪያድ፣ መንፉሃ ሰፈር ስለነበረች፣ ስልኳ ሲጮኽ ማታ ይሁን ቀን እንድትጠራ ተስማምተን ነበር። በመንፉሃ ግጭት ሰው መሞቱ ከተሰማ ወዲህ ከእህቷ ድምፅ አልነበረም። እናትየው በሩን ለሌላ አስይዘው፣ ስልኩን ይዘው፣ በተቀመጡት ልጆች መሀል እየተሻገሩ ሄደው ሰጧት። ልጅቱ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም፤ ብቻ፣ "እሺ፣ እሺ" ትላለች። ከዚያ፣ "ራሷ እጇን ሰጥታ መጠለያ ገብታለች፤ አውሮፕላን እየጠበቀች ነው" አለችን። አዳራሹ አጨበጨበ። ሬዲዮው ላይ ቪክቶር ኦቢና ሁለተኛውን ያገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ በድምሩ 4 ለ 1 ወጣን። ወደ ቤት ስንሸኛቸው ስለ ብራዚል የሚያወራ ልጅ አልሰማሁም።

እህትየዋ ታኅሣሥ ላይ ተመለሰች። ለሴቶቹ ልጆች እንድታወራላቸው ስንለምናት እምቢ አለች፤ መብቷ ነበር። ወሩ አልቆ ራሷ መጣችና፣ ወንዶቹ ይውጡ፣ መምህርም ይውጣ ብላ፣ ከእናቶቹ ጋር በር ገርበብ አድርጋ አወራቻቸው። ያለችውን አልጠየቅሁም። ልጆቹ ግን ከዚያ ወዲያ አንድ ድራማ ጻፉ። ደላላውን የተጫወተችው ከሁለቱ የጆተኒ ጀግኖች አንዷ ነበረች። የአባቷን ኮት ለብሳ፣ አራት ሲም ካርድ በመዳፏ ይዛ እያገላበጠች፣ ለእያንዳንዱ ሰው በሌላ ድምፅ ታወራለች፤ ለእናትየው በመሐላ፣ ለልጁ በሳቅ፣ ለሾፌሩ በብር። አንዳንድ ተመልካች የሚያውቀው ሰው መስሎት ዘወር ብሎ ተያየ። ድራማውን ሦስት ቅዳሜ ደግመው አሳዩት። ከዚያም በኋላ የሄዱ ልጆች አሉ። ጨዋታ ብቻውን ሥራ አይሆንም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት መሬት የሌለው፣ ሥራ የሌለው ልጅ እኛ ጋ ያለው ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው። ይህን ለወላጆቹም ደብቀናቸው አናውቅም።

የዓለም ዋንጫው ሰኔ ላይ ሲጀመር ሌላ ፈተና መጣ። በወሩ ማገባደጃ ረመዳን ገባ፤ ከኢሻ በኋላ ተራዊሕ አለ። የፍጻሜው ጨዋታ ሐምሌ 6 ቀን ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ አዳራሹ ይከፈት ብለው ለመኑን። ያንን ያህል ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ በአራቱ አቅጣጫ የሚያደርስ ሰው አልነበረንም፤ ስለዚህ አልከፈትንም። በምትኩ ወላጆች ቴሌቪዥን ያለበትን ቤት በየሰፈሩ መረጡና ልጆቹ እዚያው ጎረቤት ቤት፣ የሚያውቋቸው እናት እያዩዋቸው አዩ። ጀርመን አርጀንቲናን 1 ለ 0 ስታሸንፍ ውርጌሳ ውስጥ መንገድ ላይ ያለ ልጅ አልነበረም።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 እሑድ ነበር፤ ሊቢያ ላይ ወገኖቻችን በአሸባሪ ቡድን የታረዱበት ቪዲዮ ወሬ የዚያኑ ዕለት ማታ ደረሰ። ጆተኒውን ማንም አልነካውም። ልጆቹ በክብ ተቀመጡ። ሼኹ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱ ጸሎት አደረሱ፤ ልጆቹን በጊዜ ሸኘናቸው። በ2008 ድርቁ ሲጠና ደግሞ ራት ሳይበሉ የሚመጡት በዙ። ጨዋታ መሀል ራሱ የሚዞርበት ልጅ አየን። እናቶቹ ንፍሮ ቀቅለው በሳፋ ማምጣት ጀመሩ፤ ማን እንደራበው እንዳይታወቅ ለሁሉም እኩል ይታደል ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ጄኔሬተር እንሰጣችኋለን ብሎ ቃል ገብቶልን ነበር፤ ዓመቱ አለፈ፤ አልመጣም። ሬዲዮውና ባትሪው ግን እስከመጨረሻው አገለገሉን።

መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ማታ ልጅ ማሰባሰብማ የሚታሰብ አልነበረም። ዘጋን። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ወልድያ የሼኽ መሐመድ አላሙዲን ስታዲየም ሲመረቅ በቀን ጥቂቶቹን ይዘን ሄደን ነበር፤ ከዚያን ዓመት በኋላ እኔም ወደ ወልድያ ተዛወርኩ። ሌሎች መምህራን እንደገና ከፍተው እስከ ሰሜኑ ጦርነት ድረስ አቆዩት። በነሐሴ 2013 ወልድያ ስትያዝ፣ ከዚያም በመስከረምና በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ውርጌሳ ላይ ሲከርም፣ እነዚያ አራት አቅጣጫዎች ሰው የሚሸሽባቸው መንገዶች ሆኑ። ታኅሣሥ ላይ አካባቢው ነፃ ሲወጣ ሄጄ አየሁት። ጆተኒው ማገዶ ሆኗል። ከቶንዲኖዎቹ ሁለቱ አዳራሹ ደጅ ላይ ነበሩ። ደብተሮቹን ግን አንዲት እናት ከቤታቸው ጓሮ ቀብረው አቆይተዋቸዋል፤ የልጆች ስም ያለበት ወረቀት በማንም እጅ እንዳይገባ ብለው ነው።

ባለፈው ሰሞን ያኔ ስሙን ደብተሩ ላይ ይጽፍ የነበረ ልጅ፣ አሁን እሱም መምህር ነው፣ ደወለልኝ። እንደገና ሊጀምሩ አስበዋል። ስለ ኳስ አልጠየቀኝም። አድራሽ የሚሆኑ እናቶች መገኘታቸውን ነገረኝ፤ ከአስፋልቱ በታች ላለው አቅጣጫ ብቻ ሰው እንደጎደላቸው፣ ደግሞ ዘመኑ ማታ የሚያስወጣ አለመሆኑን።

"ታዲያ ምን አሰባችሁ?" አልኩት።

"መምህር፣ ማታው እስኪመለስልን ድረስ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ እናደርገዋለን" አለኝ። "አቅጣጫው ግን ያው አራት ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ደብተሩን ይዘው በር ላይ የሚቀመጡት ያኔ የጠየቁዎት እማማ ናቸው።"